ዘበኛው ለጠላት ሲያድር፦ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትና ካንሰር መድኃኒትን የሚላመድበት መንገድ

ካንሰር የገባባቸው ብዙ ቤቶች አንድ ቀን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ሕመምተኛዋ ሕክምናዋን ጀምራ፣ ዕጢው ጎድሎ፣ እህል መቅመስና ከሰው መቀላቀል ከጀመረች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ቀድሞ ያዳከመው መድኃኒት እንደገና ሲሰጥ አይሠራም። ቤተሰብም "መድኃኒቱ ለምን ከዳን?" ይላል። ሐኪሙ ብዙ ሕመምተኛ ስለሚጠብቀው "በሽታው መድኃኒቱን ተላምዷል" ብሎ ያልፋል። የቀረውን ማብራሪያ የሚሰጠው ጎረቤት ነው። አንዱ "ተስፋ ስለ ቆረጠች ነው" ይላል፤ ሌላው "ሰውነቷ ስለ ደከመ ነው" ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሰው እጅ ይፈልጋል። ጥያቄው በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባት፣ አልፎም ወደ ሰበካ ጉባኤ ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት የምንሞክረው ለዚህ ጥያቄ ነው። ካንሰር መድኃኒትን የሚላመድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ተመራማሪዎች በቅርብ ዓሠርት ዓመታት አበክረው የመረመሩትን፣ በእኛ ዘንድ ግን ብዙም ያልተነገረለትን አንዱን መርጠናል። እርሱም የሰውነት ጠባቂዎች የሆኑት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ካንሰሩን ከመድኃኒት የሚከልሉበት መንገድ ነው። ይህን መረዳት የሚጠቅመው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ሕመምተኛን ከማይገባ ወቀሳ ለማዳን፣ ሕክምና ከመሐል እንዳይቋረጥ ለማገዝ፣ "በሽታ የመከላከል ኃይልን ይጨምራል" እየተባለ ከሚሸጠው ልዩ ልዩ ነገር ለመጠንቀቅም ይረዳል።

መላመድ ማለት ምን ማለት ነው?

መድኃኒትን የሚላመደው የሕመምተኛው ሰውነት ሳይሆን በሽታው ነው። ቃሉን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተያይዞ ነው። "መድኃኒት የተላመደ ቲቢ" የሚባለው ተህዋስያኑ መድኃኒቱን መቋቋም ሲችሉ ነው። በካንሰርም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ልዩነቱ ካንሰር ከውጭ የገባ ተህዋስ አለመሆኑ ነው። የራሳችን ሕዋስ መባዛቱን የሚገታውን ሥርዓት ጥሶ ያለ ልክ ሲከፋፈል ካንሰር ይሆናል።

የመላመድ ነገር የካንሰር መድኃኒት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ሲድኒ ፋርበርና ባልደረቦቻቸው አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት በደም ካንሰር ለታመሙ 16 ሕፃናት ሰጥተው በ10ሩ ላይ መሻሻል ማየታቸውን አሳወቁ። እነዚህ ሕፃናት በዚያን ዘመን ከሞት በቀር የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ዜናው ታላቅ ነበር። ነገር ግን መሻሻሉ ጊዜያዊ ሆነ፤ በሽታው ተመለሰ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሐኪሞች ከዚህ ትምህርት ወስደው የተለያየ አሠራር ያላቸውን መድኃኒቶች በአንድነት መስጠት ጀመሩ። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች በሕፃናት ላይ በብዛት ከሚታየው የደም ካንሰር ከ10 ሕፃናት ወደ 9 የሚጠጉት ይድናሉ።

አንድ መድኃኒት ብቻውን ለምን ይሸነፋል? በአንድ ዕጢ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው። ገበሬ ማሳው ላይ አንድ ዓይነት የአረም መድኃኒት በየዓመቱ ሲረጭ፣ መድኃኒቱን የሚችለው ጥቂት አረም ተርፎ በመጨረሻ ማሳውን ይወርሰዋል። የካንሰር ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። አንዱ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ሌላው መድኃኒቱ የሰበረበትን የዘር ሰንሰለት ይጠግናል፤ ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ክፍል ቅርጽ ይለውጣል። የማይችሉት ሲሞቱ የቻሉት ይባዛሉ።

ይህ ማብራሪያ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ለብቻቸው የተቀመጡ የካንሰር ሕዋሳትን ፈጥኖ የሚገድል መድኃኒት፣ ያንኑ ዓይነት ሕዋስ በሰውነት ውስጥ ሲያገኘው የሚዝልበት ጊዜ አለ። ሕዋሱ ያው ነው፤ መድኃኒቱም ያው ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከካንሰሩ ሕዋስ ዐይናቸውን አንሥተው በዙሪያው ያሉትን መመርመር ጀመሩ።

ዕጢ ብቻውን አይኖርም

ብዙ ሰው የካንሰርን ዕጢ የክፉ ሕዋሳት ክምር ብቻ አድርጎ ያስበዋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን መንደርን ይመስላል። ደም የሚያመላልሱ ሥሮች፣ ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዙ ሕዋሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደም የመጡ በርካታ የመከላከያ ሕዋሳት አሉበት። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ እ.ኤ.አ. በ1863 በዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውን አስተውለው ነበር። እነዚህ ሕዋሳት በዚያ ምን ይሠራሉ የሚለው ጥያቄ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆየ።

ከእነዚህ እንግዶች ዋነኛው ማክሮፌጅ ይባላል፤ ትርጕሙ "ታላቅ በላተኛ" እንደ ማለት ነው። ይህን የበላተኛ ሕዋሳት ሥራ ለዓለም የገለጡት በሩሲያ ግዛት የተወለዱት ኤሊ ሜችኒኮቭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን መሲና ከተማ ሳሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ትንሽ የባሕር ፍጥረት ገላ ውስጥ እሾህ ወጉ። በማግስቱ ሲመለከቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኙ። ሰውነት ባዕድ ነገርን እየከበበ የሚውጥ ዘበኛ እንዳለው ከዚህ ተረዱ። ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ አብረዋቸው የተሸለሙት ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ነበሩ። ኤርሊክ ኬሞቴራፒ የሚለውን ቃል ያወጡ ሰው ናቸው። አንዱ የሰውነትን ዘበኛ፣ ሌላው በሽታን ለይቶ የሚመታ መድኃኒትን የሕይወት ሥራቸው አደረጉ። የዛሬው ርእሳችን የሚገኘው የሁለቱ ሥራ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

ማክሮፌጅ ሁለት ሙያ እንዳለው ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ውጊያ ነው። ተህዋስ ሲገባ ይውጣል፣ መርዝ ይረጫል፣ ሌሎችንም ለውጊያ ይጠራል። ሁለተኛው ጥገና ነው። ውጊያው ሲያበቃ የሞተውን ያጸዳል፣ ጦረኞቹን "ይብቃችሁ" ብሎ ያረጋጋል፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያደርጋል፣ የቀሩት ሕዋሳት እንዲተርፉና እንዲባዙ የሚያበረታቱ ንጥረ ነገሮችን ይለግሳል። ቁስል የሚሽረው በዚህ ነው። ሁለቱም ሙያዎች ለሕይወት የግድ ናቸው። የማይዋጋ ሰውነት በተህዋስ ይጠፋል፤ መዋጋቱን የማያቆም ሰውነትም በራሱ እሳት ይቃጠላል።

እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ ካንሰርን ከማይሽር ቁስል ጋር አነጻጸሩት። ቁስል በሚሽርበት ጊዜ የሚታየው ሁሉ በዕጢ ውስጥም ይታያል፤ ልዩነቱ መቋጫ የሌለው መሆኑ ነው። ካንሰር "ቆስያለሁ፣ ጠግኑኝ" የሚል መልእክት ሳያቋርጥ ይልካል። ማክሮፌጁም እንደ ሙያው ይመጣና ይጠግናል። ዘበኛው ለጠላት ያደረው መልእክቱን አምኖ ነው።

ጠባቂዎቹ መድኃኒቱን እንዴት ያከሽፋሉ?

በመጀመሪያ የምንጠቅሰው ፓክሊታክሰል የተባለውን መድኃኒት ነው። ታክሶል በሚለው ስሙም ይታወቃል፤ በጡትና በእንቁልጢ ካንሰር ሕክምና በሰፊው ይሰጣል። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ቀጫጭን ክሮች አጠንክሮ በመያዝ መከፈሉን ያስተጓጕላል፤ ሕዋሱም በዚያው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ የጡት ካንሰር ያለባቸው አይጦች ይህን መድኃኒት ሲወስዱ የተጎዱት የካንሰር ሕዋሳት ማክሮፌጆችን የሚጠራ ንጥረ ነገር አብዝተው ያመነጫሉ። የተጠሩትም በብዛት ወደ ዕጢው ይገባሉ። ተመራማሪዎቹ ይህ ጥሪ እንዳይሰማ የሚያግድ ሌላ መድኃኒት ሲጨምሩ ማክሮፌጆቹ ቀነሱ፣ ገዳይ ቲ ሕዋሳት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በዙ፣ ፓክሊታክሰልም ከበፊቱ በተሻለ ሠራ። ከታመሙ ሴቶች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩም ማክሮፌጅ የበዛበትና ገዳይ ቲ ሕዋስ ያነሰበት ዕጢ የነበራቸው ሴቶች የመትረፍ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ማክሮፌጆች የሚያመነጯቸው ካቴፕሲን የተባሉ ፕሮቲን ቆራጮች የካንሰርን ሕዋሳት ከዚሁ መድኃኒት እንደሚከላከሉላቸው አሳየ።

ሁለተኛው መንገድ ሽሚያን ይመስላል። ጀምሲታቢን የተባለው መድኃኒት ለጣፊያ ጎረቤት ለሆነው ለቆሽት ካንሰር ይሰጣል። መልኩ ሕዋስ የዘር ሰንሰለቱን ከሚሠራበት አንድ ጥሬ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል። ሕዋሱ ጥሬ ዕቃ መስሎት ሲያስገባው ሥራው ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደገለጠው በዕጢው ውስጥ ያሉ ማክሮፌጆች እውነተኛውን ጥሬ ዕቃ በብዛት ይለቃሉ። እውነተኛውና መሳዩ በአንድ በር ሲሻሙ መድኃኒቱ ውጭ ይቀራል። ማክሮፌጁ መድኃኒቱን አልነካውም፤ በሩን ብቻ አጣበበበት።

ሦስተኛው መንገድ የራስን ጦር ማሰር ነው። የካንሰርን ሕዋስ ለይተው የሚገድሉት ገዳይ ቲ ሕዋሳት ናቸው። ብዙ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶችም ሙሉ ውጤት የሚያገኙት እነዚህ የጀመሩትን ሲጨርሱላቸው ነው። ሰውነት ግን ጦሩ የራሱን ሥጋ እንዳይወጋ የሚገቱ ሌሎች ቲ ሕዋሳትም አሉት። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይተው ያሳወቋቸው እነዚህ ገቺ ሕዋሳት ናቸው። ለዚህም ሥራ ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ገቺዎቹ ባይኖሩ ሰውነት በራሱ ላይ ይዘምት ነበር። ካንሰር ግን እነርሱንም ወደ ራሱ ሰብስቦ እንደ አጥር ያቆማቸዋል። በአጥሩ ውስጥ ገዳዮቹ ይዝላሉ፤ መድኃኒቱም አጋዥ ያጣል።

አራተኛው ደግሞ ያንቀላፋውን መቀስቀስ ነው። ሕክምና ካበቃ በኋላ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት በሳንባ ወይም በሌላ ክፍል ሳይባዙ ለዓመታት ሊያንቀላፉ ይችላሉ። አብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የሚያጠቁት የሚባዛን ሕዋስ ስለሆነ የተኛው ያመልጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የትንባሆ ጢስ በሳንባ ላይ የቆየ ብግነት ሲያስነሣ፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተህዋስ ለማጥመድ የሚዘረጉት መረብ የተኙትን የካንሰር ሕዋሳት እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። ለጠላት የተዘረጋው ወጥመድ ለጠላት መነሻ ሆነ ማለት ነው።

ያው ዘበኛ በወገን በኩል ሲቆም

እስከዚህ ያልነው ብቻ ቢሆን የመከላከያ ሕዋሳት ሁሉ የሚጠረጠሩ በሆኑ ነበር። እውነቱ እንዲህ አይደለም። እነዚሁ ሕዋሳት የመድኃኒቱ ዋና ረዳት የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ያህል ላይ በብዛት በሚገኝ ምልክት ላይ ይጣበቃል። መድኃኒቱ የሕዋሱን የመባዛት ትእዛዝ ይገታል፤ በዚያውም ላይ ለመከላከያ ሕዋሳት "እዚህ ነው" ብሎ የሚያመለክት ባንዲራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት የመከላከያ ሕዋሳታቸው ይህን ባንዲራ ማንበብ በማይችሉ አይጦች ላይ መድኃኒቱ አብዛኛውን ኃይሉን እንደሚያጣ አሳይቷል። እንደዚሁ ሲስፕላቲን የተባለውን የቆየ መድኃኒት በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ምርምር አለ። በእንቁልጢ ካንሰር ውስጥ ያሉ አያያዥ ሕዋሳት ለካንሰሩ መድኃኒቱን የሚያረክስ ንጥረ ነገር ሲቀልቡት፣ ገዳይ ቲ ሕዋሳት ደርሰው ይህን ቀለብ እንደሚያቋርጡና መድኃኒቱ እንደገና እንዲሠራ እንደሚያደርጉ ተገልጿል። ስለዚህ መላመድ ሁልጊዜ የማይመለስ ፍርድ አይደለም። ጎረቤቱ ሲለወጥ ሊቀለበስ ይችላል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ትልቁ ለውጥ በእነዚህ ገዳይ ሕዋሳት ላይ የተጫነውን ልጓም የሚፈታ ሕክምና ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ለዚህ መሠረት በመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ለቆዳ ካንሰር ተፈቀደ። ቀድሞ ተስፋ የተቆረጠባቸው አንዳንድ ሕመምተኞች በእርሱ ለዓመታት ኖረዋል። ይሁንና ብዙዎች ከመጀመሪያውም አልረዳቸውም፤ ከረዳቸውም መካከል ቆይቶ የተመለሰባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ልጓም ፈቺው መድኃኒት በቲ ሕዋሱ ላይ ካረፈ በኋላ ማክሮፌጅ ከላዩ ላይ እየነጠቀ እንደሚወስደው በቀጥታ አሳይቷል። በአዲሱም ሕክምና ውስጥ ያው አሮጌ ዘበኛ ተገኘ።

እንግዲያስ ማክሮፌጆቹን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልምን? ተሞክሯል። በአይጦች ላይ ያማረው ውጤት ግን በተለመዱት የሰው ካንሰሮች ላይ በዚያው መጠን አልተገኘም። አንድ ምክንያት አስቀድመን የጠቀስነው ነው፤ ማክሮፌጅ ሁለት ሙያ ስላለው ጨርሶ ማጥፋት ተዋጊውንም ከጠጋኙ ጋር ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ አሁን ብዙ ተመራማሪዎች ዘበኛውን ከመግደል ይልቅ ወደ ቀድሞ ጌታው መመለስን ይሻሉ። ይህ ገና በምርምር ላይ ያለ ነው፤ ነገ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አድርገን ለሕመምተኛ ልንነግር አይገባም።

ይህ ለአጥቢያችን ምን ይነግራል?

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ከላይ ያየነው የረቀቀ ነገር በአጥቢያ ሕይወት ውስጥ የሚነካቸው ጉዳዮች አሉ።

አንደኛ፣ መድኃኒት ሲላመድ ጥፋቱ የሕመምተኛው አይደለም። የተመለሰበት ሰው ስለ ሰነፈ፣ ወይም ስለ ተስፋ ቆረጠ፣ ወይም እምነቱ ስለ ጎደለ አልተመለሰበትም። በሥጋው ውስጥ እርሱ ሊያየውም ሊያዝዘውም የማይችል ነገር ተፈጽሞበታል። በሕመም ላይ ወቀሳ የተጨመረበት ሰው ሕክምናውን ይሸሻል፣ ሕመሙንም ይደብቃል። በዚህ ጊዜ የንስሐ አባት አንዲት የማጽናናት ቃል ከብዙ ሰው ወሬ ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ ሕክምና ከመሐል መቋረጥ የለበትም። ለጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በየ21 ቀኑ ነው። ይህ ልክ የተቀመጠው ጤናማው ሰውነት እንዲያገግም፣ ካንሰሩ ግን ፋታ እንዳያገኝ ታስቦ ነው። ሕመምተኛዋ "ተሽሎኛል" ብላ ወይም ለመሳፈሪያ አጥታ ስትቀር የተጎዳው ዕጢ ጠጋኞቹን ጠርቶ የሚያገግምበት ጊዜ ያገኛል። ከገጠር ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ለምትመላለስ ሴት የሁለት ቀን ማደሪያ፣ የመኪና ዋጋ፣ ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው የሕክምናው አካል ናቸው። ሰበካ ጉባኤው፣ ሰንበቴውና ዕድሩ ተመካክረው የቀጠሮ ቀኖቿን ቢይዙላት፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ "በሽታ የመከላከል ኃይልን ይጨምራል" የሚለውን ማስታወቂያ በጥንቃቄ እንስማው። ከላይ እንዳየነው ችግሩ የዘበኞቹ ቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም፤ ለማን እንዳደሩም ነው። በማር የተለወሰ ዱቄትም ሆነ ከውጭ የመጣ እንክብል ለካንሰር ያደረውን ማክሮፌጅ ወደ ወገን እንደሚመልስ የተረጋገጠ ነገር የለም። አንዳንድ ሥራሥርና ቅጠል ደግሞ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ የኬሞቴራፒውንም ኃይል ሊቀንስ ወይም ወደ መርዝነት ሊያከረው ይችላል። ሕመምተኛው ሌላ የሚወስደው ነገር ካለ ሳያፍር ለሐኪሙ እንዲነግር እናበረታታው።

አራተኛ፣ በኬሞቴራፒ ላይ ላለ ሰው ትኩሳት ቀጠሮ አይሰጠውም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ኒውትሮፊሎችን ስለሚቀንሱ፣ በተለይ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባለው የመጀመሪያና ሁለተኛ ሳምንት፣ ቀላል የሚመስል ተህዋስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ለጥየቃ የሚመጡ ሰዎች እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ጉንፋን የያዛቸውም ከደጅ እንዲመለሱ ቢደረግ ነውር የለበትም።

አምስተኛ፣ ጾምና ጸበል ሕክምናን የሚያቋርጡ ምክንያቶች እንዳይሆኑ አባቶች ቀድመው ይናገሩ። የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ እንደሚፈታ ካህናት ያውቃሉ፤ ሕመምተኛው ግን ከንስሐ አባቱ አፍ ካልሰማው በራሱ ላይ ይፈርዳል። ስለ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ብዙ ክርክር በነበረበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ ለምእመናን አስተምራለች። በካንሰርም ያው ትምህርት ይሠራል።

ስድስተኛ፣ ከሁሉ የሚሻለው ካንሰሩ መንደር ሳይመሠርት መድረስ ነው። ዕጢ በጊዜ ብዛት የተለያዩ ሕዋሳትን ያፈራል፣ ጠጋኞችን ይሰበስባል፣ አጥር ያጥራል። ገና ትንሽ ሳለ በቀዶ ሕክምና የተወገደ ዕጢ ግን መድኃኒትን የሚላመድበት ጊዜ አያገኝም። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም ቀድመው ሊደረስባቸው ይችላል። የማኅፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ተጀምሯል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችም የቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች 6 እጥፍ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ዘበኛ ሲጎድል የሚሆነውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። እነዚህ ሴቶች ምርመራውን ቀደም ብለው መጀመርና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መውሰድ ይገባቸዋል። ጡቷ ላይ ዕብጠት ያገኘች ሴትም "አያመኝም" ብላ እንዳትቆይ በየሰንበቱ ጉባኤ ይነገራት፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምምና።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ "መድኃኒቱ ለምን ከዳን?" ለሚለው ቤተሰብ አሁን የምንሰጠው መልስ አለን። መድኃኒቱ አልከዳም፤ ሕመምተኛዋም አልሰነፈችም። ካንሰሩ የሰውነትን የገዛ ጠጋኞች ጠርቶ ከለላ አድርጓቸዋል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች መድኃኒት ይለውጣሉ፣ ሁለትና ሦስቱን ያጣምራሉ፣ ጨረርና ቀዶ ሕክምና ይጨምራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ "መድኃኒት እንለውጥ" ሲል መንገዱ ሁሉ አለቀ ማለቱ አይደለም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ማን አብሯት እንደሚሄድ መወሰን ግን የእኛ ፈንታ ነው።